አሮጌው ኢንሶኒክ ኢፒኤስ ደሴ ገባ፤ ልሽጠው ወይስ ልያዘው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። ደሴ ነኝ፣ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። አጎቴ ከዋሽንግተን ኢንሶኒክ ኢፒኤስ የሚባል አሮጌ ኪቦርድ ልኮልኛል። ሳምፕለር ነው አለኝ። ገና አልሰካሁትም። አብረውት የመጡት ዲስኮች ሻጋታ ይዘዋል። ጓደኞቼ ሪትም የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ለቆራሌው ስጠው እያሉ ይስቁብኛል። ልሽጠው ወይስ ልያዘው? ከያዝኩትስ ክራርና ማሲንቆ ይወጣዋል?»

አብሽር፣ ያዘው። ደግሞም ሳትሰካው መጠየቅህ ጎበዝ የሚያሰኝ ነው። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ባሕር ተሻግረው በሰላም ይመጡና እዚህ በመጀመሪያው ሶኬት ይሞታሉ።

ጀርባውን አዙረህ የመብራት ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ የተጻፈውን አንብብ። አሜሪካ የተሸጠ ከሆነ 120 ቮልት ይላል። የኛ ግድግዳ 220 ነው። ከሱቅ የምትገዛው የሶኬት መቀየሪያ የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የሚያስፈልግህ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ቢያንስ 100 ዋት የሚችል ይሁን፤ 200 ካገኘህ ሳይጨናነቅ ይሠራል። ስትገዛ በእጅህ አንሳው። ውስጡ ብረትና የመዳብ ጥቅልል ስላለ እውነተኛው ይከብዳል። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠውን ቀላል ፕላስቲክ እለፈው። እሱ ሞገዱን ቆራርጦ ነው የሚያወርደው፤ ለእንዲህ ያለ ዕቃ አይሆንም።

ድምፅ የለውም ያሉህ ጓደኞችህ እውነታቸውን ነው። ሳቁ ግን ያለ ቦታው ነው። ሰርግ ላይ የምትጫወትበት ኪቦርድ ፋብሪካ የሞላለትን ይዞ ይመጣል። ስታበራው ፒያኖው አለ፣ ስትሪንጉ አለ፣ ሪትሙ አለ። ኢፒኤስ ሲበራ ባዶ ነው። የሚሠራበት ፕሮግራም እንኳ ውስጡ አይኖርም፤ ከዲስክ ያነባል። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ድምፅ ከዲስክ ትጭናለህ፤ ካልሆነም ጀርባው ላይ ባለው ቀዳዳ ማይክ ሰክተህ ራስህ ትቀርጻለህ። የቀረጽከውን በ61 ቁልፎች ላይ ዘርግቶ ያጫውትሃል። ሳምፕለር ማለት ይኸው ነው። የፋብሪካ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው እዳ ነው፤ የራሱን ድምፅ ለሚፈልግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስታበራው እጅህን ከቁልፎቹ ላይ አንሳ የሚል ጽሑፍ ያሳይሃል። ቀልድ አይደለም። የዚህ ኪቦርድ ቁልፎች እንደለመድከው በጎማና በካርቦን አይሠሩም። ከያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ጥምዝ መዳብ አለ፤ ቁልፉ ምን ያህል እንደቀረበው ይለካል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሁሉንም መነሻቸው ላይ ያስተካክላል። በዚያች ቅጽበት ክንድህ ወይም የነጠላህ ጫፍ ቁልፍ ላይ ካረፈ ልኬቱ ይዛባል። መድኃኒቱ አጥፍቶ እንደገና ማብራት ነው። ተበላሸ ተብሎ በከንቱ የሚፈታ ኢፒኤስ ሞልቷል።

ስለ ማሽኑ ታሪክ ትንሽ ልበል፤ ምን እንደያዝክ እንድታውቅ። ኢንሶኒክን ያቋቋሙት ከኮምፒውተር ሠሪው ኮሞዶር የወጡ መሐንዲሶች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1982። ከመካከላቸው ቦብ ያነስ ኮሞዶር 64 የሚባለውን ኮምፒውተር የድምፅ ቺፕ የነደፈው ሰው ነው። ያኔ ሳምፕለር የትልልቅ ስቱዲዮዎች ዕቃ ነበር። የአውስትራሊያው ፌርላይት በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነበር የሚሸጠው። ኢንሶኒክ በ1985 ሚራዥ የሚባለውን 8 ቢት ሳምፕለር በ1,695 ዶላር ሲያወጣ ነው ተራ ሙዚቀኛ እጅ የገባው። ሚራዥ ግን ማሳያው ሁለት ዲጂት ብቻ ስለነበር መመሪያ መጽሐፉን ጭንህ ላይ ሳትዘረጋ አታዘውም። ያንተው ኢፒኤስ በ1988 መጣ። በ13 ቢት ይቀርጻል፣ ማሳያው በቃላት ይናገራል፣ እየተጫወትክ ሌላ ድምፅ መጫን ትችላለህ። ድርጅቱ በ1998 ክሪኤቲቭ ለሚባል የኮምፒውተር ድምፅ ካርድ ሠሪ ስለተሸጠ መለዋወጫ ከፋብሪካ አትጠብቅ።

ወደ ዲስኩ ልምጣ። ሻጋታ የያዘውን ዲስክ አታስገባው። ሻጋታው የማንበቢያውን ራስ ያቆሽሻል፣ ቀጥሎ የምታስገባውን ደህና ዲስክ ደግሞ ይቧጭራል። ብረቱን መከለያ ገፋ አድርገህ ውስጡን በመብራት እየው። ነጭ ነጠብጣብ ካለው ለይተህ አስቀምጠው። አዲስ ዲስክ ልግዛ ካልክም ችግር አለ። ይህ ማሽን የሚፈልገው ዲዲ የሚባለውን ዓይነት ነው። ድሮ ቢሮ ውስጥ የምናውቀው 1.44 ሜጋባይት ዲስክ የማግኔት ቅቡ ስለሚለይ መረጃ አያቆይለትም። ስለዚህ ፍሎፒውን እርሳው። ጎቴክ የሚባል፣ በፍሎፒ ድራይቩ ቦታ የሚገባና ፍላሽ የሚቀበል ዕቃ አለ። የቦርዱ ሪባን ገመድ ራሱ ይሰካበታል። ግን ከሳጥኑ እንደወጣ አይሠራም። ኢንሶኒክ 800 ኪሎባይት የሚይዝ የራሱ አጻጻፍ ስላለው፣ ጎቴኩ ላይ ፍላሽፍሎፒ ወይም ኤችኤክስሲ የሚባለው ፕሮግራም መጫን አለበት። ኮምፒውተር የሚሞክር ልጅ ደሴ ውስጥ አይጠፋም፤ እሱን ያዝ። የኢፒኤስ ፕሮግራም ደግሞ በፋይል መልክ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክራርና ማሲንቆ ይወጣዋል ወይ ብለሃል። መውጣት ብቻ ሳይሆን፣ ሰርግ ኪቦርድህ የማይሰጥህን ይሰጥሃል።

አንቺሆዬ ስትጫወት የሆነ ነገር እንደሚጎረብጥህ እገምታለሁ። ጣትህ ልክ ነው፣ ቁልፉ ልክ ነው፣ ከክራሩ ጋር ግን አይገጥምም። ከሲ ብንነሳ አንቺሆዬ በኪቦርድ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ይህ ግን ለኪቦርድ እንዲመች የተጠጋጋ ነው። የኪቦርድ 12 ድምፆች እኩል የተከፋፈሉ ናቸው። ክራር መቺው ግን ጅማቱን በጆሮው ነው የሚያበጀው፤ አንዷን ትንሽ ያወርዳታል፣ አንዷን ትንሽ ይስባታል። ያቺ ትንሽ ነገር ናት ቅኝቱን ቅኝት የምታደርገው። ባቲና አምባሰል የሚባሉ አገሮች ያሉት ሰው ይህን ከማንም በላይ ይሰማዋል፤ ሰርጉ ላይ ያሉት ሽማግሌዎችም ምን እንደጎደለ ባይነግሩህ ፊታቸው ይነግርሃል።

ኢፒኤስ ፒች ቴብል የሚባል ነገር አለው። እያንዳንዱ ቁልፍ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንደሚሰማ አንተ የምትወስንበት ሰንጠረዥ ነው። ክራር መቺ ጓደኛህን ቤት ጥራ። ክራሩን አንቺሆዬ ይቃኝ። እሱ አንዷን ጅማት ይመታል፣ አንተ ያንኑ ቁልፍ ይዘህ ሁለቱ ድምፆች መንቀጥቀጥ እስኪያቆሙ ታስተካክላለህ። ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች አብረው ሲሰሙ የሚፈጥሩት ዋው ዋው የሚል ማዕበል አለ፤ እሱ ሲጠፋ ደርሰሃል። አምስቱን ቁልፎች ጨርሰህ ለሌሎቹ ኦክታቮች አባዛ ብለህ ታዝዘዋለህ። በቃ።

አንድ ቅደም ተከተል ግን እንዳትስት። መጀመሪያ የቀረጽከው ሳምፕል ራሱ በትክክል መቃኘት አለበት። ሳምፕሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከተቀረጸና ሰንጠረዡ ደግሞ ሌላ ዝቅታ ከጨመረበት፣ የቱ ከየት እንደመጣ ሳይገባህ ስታስተካክል ታድራለህ። በቲዩነር እያንዳንዱን ሳምፕል ንጹሕ አድርግ፤ ሰንጠረዡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሁለተኛው ነገር ከኪቦርዱ ግራ ያሉት ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ናቸው፤ ፓች ሴሌክት ይባላሉ። ሁለቱም ሳይነኩ፣ ግራው ብቻ ሲያዝ፣ ቀኙ ብቻ ሲያዝ፣ ሁለቱም አብረው ሲያዙ፤ በድምሩ አራት ሁኔታ። በያንዳንዱ ሁኔታ የትኛው ሌየር፣ ማለትም የትኛው የድምፅ ድርብ፣ እንደሚሰማ አንተ ትወስናለህ። እያንዳንዱ ሌየር ደግሞ የራሱን ፒች ቴብል መያዝ ይችላል። አራት ሌየር፣ አራት ሰንጠረዥ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ፔንሲልቬኒያ ማልቨርን ውስጥ ሲሠሩት ባቲን የሚያውቅ ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ ቁጥሩ ግን ገጠመ! ግራ እጅህ ቅኝቱን ይዞ ቀኝ እጅህ ዜማውን ይጫወታል። ድምፃዊው መሐል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ አምባሰል ቢገባ ሜኑ ውስጥ ሳትርመሰመስ ትከተለዋለህ። ትዝታና ባቲ ሜጀርና ማይነር አላቸው ካልክም፣ ማይነሮቹን በሌላ የኢንስትሩመንት ቁልፍ ላይ አስቀምጣቸው፤ ስምንት አለህ።

ሌየሩን ስታባዛ መለኪያዎቹን ብቻ እንጂ ድምፁን ራሱን አትቅዳ። ምርጫውን ማሽኑ ይጠይቅሃል። አራቱም ሌየር አንዱን የክራር ድምፅ ከተጋሩ ሜሞሪ አይበላም። ድምፁን አራት ጊዜ ከቀዳህ ግን ሦስተኛው ላይ ሳትደርስ ይሞላብሃል።

ምክንያቱም ሜሞሪው ትንሽ ነው። ማስፋፊያ ከሌለው ግማሽ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በሰከንድ 52,000 ጊዜ እየለካ ሲቀርጽ አምስት ሰከንድ እንኳ በቅጡ አይይዝም። ወደ 30,000 ካወረድከው 8 ሰከንድ ገደማ ታገኛለህ፤ ከ15,000 ኸርዝ በላይ ያለው ጥራት ይቀርብሃል እንጂ ክራር እዚያ ላይ ብዙ ነገር የለውም። ስድስት ጅማት እያንዳንዱ ለአንድ ሰከንድ ተኩል ቢቀረጽ ከሜሞሪው ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ የያንዳንዱን ጅራት እየቆረጥክ 1.3 ሰከንድ አድርገው፤ ልክ ይገባል። አንድ ጅማት ብቻ ቀርጸህ በሁሉም ቁልፍ ላይ መዘርጋት ግን አይሆንም። ድምፁ ወደ ላይ ሲሳብ የክራሩ ሳጥንና ቆዳ ድምፅም አብሮ ይሳባል፤ ክራሩ የሕፃን መጫወቻ ይመስላል። ግራና ቀኝ ከሁለት ሦስት ቁልፍ በላይ አታስኪደው።

የምትቀርጽበት ቤት ቆርቆሮ ክዳን ከሆነ ክረምት ላይ ተወው። የደሴን ዝናብ ታውቀዋለህ። ፍሪጁን ከሶኬቱ ንቀል፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርድ፣ ማይኩን ከክራሩ ቆዳ አንድ ስንዝር አርቀው። የግቤቱን መጠን ማሳያው ላይ እያየህ ጠንካራው ምት ጫፍ ሳይነካ ጫፉ አጠገብ እንዲደርስ አድርግ። 13 ቢት ነውና በዝቅታ ከቀረጽክ ጩኸቱን ሲያነሱት ሹክታው አብሮ ይነሳል። ማሽኑ ድምፅ እስኪሰማ ጠብቆ ራሱ ይጀምራል። ቀርጾ ሲጨርስ የትኛው ቁልፍ ላይ ይቀመጥ ብሎ ይጠይቃል፤ ያንን ቁልፍ ትነካለህ።

ማሲንቆ ከክራር ይከብዳል። ክራር ይመታና ይሞታል። ማሲንቆ ግን ደጋኑ እስከተሳበ ይቀጥላል፤ አንተም ቁልፉን እስከያዝክ መቀጠል አለበት። ስለዚህ ከሳምፕሉ መሐል አንድ ክፍል መርጠህ እየተመላለሰ እንዲጫወት ሉፕ ታደርገዋለህ። አዝማሪው እንደልማዱ ጣቱን እያንቀጠቀጠ ከሳበ ሉፑ አይያዝልህም፤ ድምፁ በዞረ ቁጥር ይዘላል። ስለዚህ ሳያንቀጠቅጥ፣ ቀጥ አድርጎ፣ ባንድ ጉልበት እንዲስብ ለምነው። ይቸግረዋል፣ ይስቅብሃልም። የፈረስ ጭራው ጅማቱን ሲነክስ ያለውን የመጀመሪያ ቅጽበት ግን ሳትቆርጥ ተወው። ያ ሻካራ አነሳስ ከሌለ ማሲንቆ መሆኑን ማንም አያውቅልህም። ዋሽንት ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ የትንፋሹ ድምፅ ሉፕ ውስጥ ሲገባ ሹ፣ ሹ እያለ ይደጋገማል። ዋሽንቱን ረዘም አድርገህ ቀርጸህ ያለ ሉፕ ብትጫወተው ይሻላል።

አንቀጥቅጡን ከአዝማሪው ወስደህ የት አደረግከው? ለጣትህ ሰጠኸው። እነዚያ ጥምዝ መዳብ ያላቸው ቁልፎች ከወረዱ በኋላ ስትጫናቸው፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ግፊቱን ይለካል። ሁለት ድምፅ ይዘህ አንዷን ብቻ ብትጫን እሷ ብቻ ትንቀጠቀጣለች። ዛሬ ውድ ኪቦርዶች ላይ እንኳ ይህን የምታገኘው ከስንት አንዴ ነው። ብዙዎቹ አንዱን ስትጫን ሁሉንም ያንቀጠቅጣሉ። ማሲንቆውን እንዲህ ተጫውተህ ቅዳና ለአዝማሪው አሰማው።

የሰው ድምፅና አጨዋወት ስትቀርጽ ፈቃድ ጠይቅ፣ ክፈልም። ከዋኝ በአጨዋወቱ ላይ መብት እንዳለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደንግጓል። አዋጁን ተወው፤ አዝማሪ ከተማውን ሁሉ በግጥም ሲያዞርህ ማን ያስታርቅሃል?

ለሰርግ ይሆናል ወይ? ብቻውን አይሆንም። ሪትም ጨዋታ የለውም፤ ሲኩዌንሰር፣ ማለትም የተጫወትከውን መዝግቦ የሚደግም ክፍል፣ አለው፤ ግን ዘፈኑን አስቀድመህ ራስህ መሥራት አለብህ። ያሁኑን ኪቦርድህን ለሪትምና ለቤዝ አቆየው፣ ኢፒኤሱን ለዜማ አድርገው። ሁሉን በአንዴ ከዚህ ማሽን ከጠበቅክ ትናደዳለህ። ለስቱዲዮ ግን ሙሉ በሙሉ ይሆናል፤ እኔ ብሆን አብዛኛውን ጊዜ ቤት ነበር የማኖረው።

ድንኳን ይዘኸው ከወጣህ ትልቁ ጠላትህ መብራት ነው። መብራት ብልጭ ካለች ሜሞሪው ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ፕሮግራሙም ጭምር። ሙሽሮቹ ቆመው አንተ ከዲስክ እንዲያነብ ትጠብቃለህ። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካውን ዩፒኤስ ከትራንስፎርመሩ በፊት አስገባ። የሠራኸውን ደግሞ በየመሐሉ ሴቭ አድርግ፤ ማታ አንዴ ብለህ አትተው።

ሌላው የአየሩ ነገር ነው። ደሴ በብርድ ያደረ ኪቦርድ ጠዋት ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ሲወርድ፣ ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛው ቦርድ ላይ ጤዛ ያስራል። እንደደረስክ አትሰካው። ከቦርሳው አውጥተህ ቁርስ ብላበት፤ ደረቅ መሆኑን ስታረጋግጥ አብራው።

ጥገናውን በተመለከተ ብዙ የምልህ የለም። ሲከፈት አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በንፋስ አስወጣ፣ መሰኪያዎቹን በኤሌክትሮኒክስ አልኮል አጽዳ፣ ሶኬት ላይ የተቀመጡትን ቺፖች ቀስ ብለህ ተጫናቸው። ብዙ የማይነሳ ማሽን በዚህ ይነሳል። ካፓሲተሮቹ ዕድሜ ጠግበዋልና ፓወር ክፍሉን የሚያውቅ ሰው ይይልህ። ቁልፎቹን ግን እንዳታስፈታ። እዚያ ውስጥ ያለውን መልሶ የሚገጥም ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ለአጎትህ ስትደውል ሁለት ነገር ንገረው። ፍላሽፍሎፒ የተጫነበት ጎቴክ ከነፍላሹ፣ የኢፒኤስን ፕሮግራም አስገብቶበት። ሁለተኛው የኢፒኤስ ሜሞሪ ማስፋፊያ ነው። ከኋላ የሚገባ ሲሆን ሜሞሪውን አራት እጥፍ የሚያደርግ አለ፤ ያገለገለ እየተሸጠ ይገኛል። ዋጋው ከበዛበት ይተወው። ለክራሩ ያለው ይበቃሃል፣ ማሲንቆውን ሌላ ዲስክ ላይ ታደርገዋለህ።